«የዓይን ጠብታውን ቁስሏ ላይ ላድርግላት?»

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገችን አሞራ ገደል አካባቢ አሳ ጠብሳ እየሸጠች ነው፤ ጠዋት የቆመች ማታ ነው የምትቀመጠው። የዛሬ ዘጠኝ ወር ግራ እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የከሰል ምድጃ ጫፍ ጫረው። ትንሽ ነገር ነበረች። ያቺ ጭረት ዛሬ በሜትር ስለካት ርዝመቷ 5፣ ስፋቷ 4 ሴንቲሜትር ሆናለች። ዙሪያው ጠቁሯል፣ ውሃ ያዥበታል፤ ሲመሽ ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ፣ የግራው ግን ይብሳል።

ያልሞከርነው የለም። ማር ቀባን፣ የካፕሱል ዱቄት ነሰነስን፣ ጠበል ወሰድኳት። ሽታ እንዳይመታው ብላ ጤና አዳም ከአጠገቧ አይጠፋም። አንድ ክሊኒክ ይዣት ብሄድ አንዱ ባለሙያ ገና ጨርቁን እንደፈታ «ይሄ እንዲህ ከቀጠለማ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል» አላት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ ብላለች። ሰው ይሸተዋል ብላ ማኅበሯን ተወች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ጥግ ፈልጋ ነው የምትቆመው።

ዴንቨር ያለው ወንድሜ ደግሞ ድሮ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረ መድኃኒት የእግር ቁስል እንደሚያድን ተደርሶበታል የሚል ነገር አነበበ። ቲሞሎል ይባላል፤ ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ሕመም በጠብታ መልክ ስላለ እዚሁ ፋርማሲ ተገኘ። ገንዘብ ልኮ ገዛሁት። ብፌ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። እናቴ «ልጄ የላከልኝን አድርጊልኝ እንጂ» ትላለች። እሱ በየቀኑ ይደውላል፤ ትናንት «እኔ ከዚህ ገንዘብ ልኬ አንቺ ጠብታ ማንጠብጠብ አቃተሽ?» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን እናቴ አስም አለባት፤ ፓፍ ከቦርሳዋ አይለይም። ለግፊቷ ደግሞ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ትወስዳለች። ከጠብታው ጋር ያለው ወረቀት ላይ ስለ አስም የሚያስጠነቅቅ ነገር አየሁ። ባደርግላት ብጎዳትስ? ባላደርግላትስ የሚያድናትን ነገር ከልክያት ቢሆንስ?

ጨነቀኝ ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህታችን፣ የሚያጣድፈውን እናስቀድምና፣ ጠብታውን አታድርጊላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ እየተጮኸብሽ እጅሽን መሰብሰብሽ ደግ አደረግሽ። ምክንያቱ የእናትሽ አስም ነው።

ቲሞሎል የሚሠራው አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሰውነታችን ውስጥ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በመዝጋት ነው። ልብ ላይ ያሉት ሲዘጉ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል፣ ግፊት ይወርዳል፤ በእንክብል መልክ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉት ሲዘጉ ግን የአየር ቧንቧ ይጠባል። አስም ያለበት ሰው ዓይኑ ላይ በምትደረግ ጠብታ ብቻ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ያየሽው ማስጠንቀቂያ ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም። የባሰው ደግሞ ፓፉ ነው። ፓፉ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል የሚሠራው ቲሞሎል በዘጋው በዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ እናትሽ ሲያፍናቸው ፓፉን ቢስቡት እንደ ወትሮው ላይታዘዝላቸው ይችላል።

ወንድምሽ «ዓይን ሌላ፣ እግር ሌላ» ይልሽ ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው። የ0.5 በመቶ ጠብታ በአንድ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ቲሞሎል አለው፤ አንድ ሚሊሊትር ደግሞ 20 ጠብታ ያህል ይወጣዋል። የግላኮማ ታማሚ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጠብታ ቢያደርግ በቀን 4 ጠብታ፣ ማለትም 1 ሚሊግራም ነው። ቁስል ላይ የሞከሩት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ጠብታ ነው። አንቺ በሜትር የለካሽው ቁስል 20 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። 20 ጠብታ፣ 5 ሚሊግራም። የዓይኑ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ለግፊት ይዋጥ የነበረው እንክብል ሲጀመር 10 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያም ግማሽ ያህሉን ጉበት ያስቀረዋል፤ በተላጠ ቆዳ የሚሰርግ መድኃኒት ግን በጉበት ሳያልፍ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ሁሉም ሰረገ ብንል አንድ የግፊት እንክብል እንደመዋጥ ይቀርባል። አስም ላለባቸው እናት ይህን ማንም ሐኪም በስልክ አያዝም።

እንዲህ ስላልን ወንድምሽ ያነበበው ተረት ነው ማለታችን አይደለም። ነገሩ የምር ጥናት አለው። ቁስል ሲሽር ከጠርዙ ያሉ የቆዳ ሴሎች ወደ መሃል እየተሳቡ ነው የሚሸፍኑት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የቆዳ ሐኪሟ ሪቭካ ኢሰሮፍና ባልደረቦቿ እነዚህ ሴሎች ላይም አድሬናሊን የሚያርፍበት ቦታ እንዳለና፣ ሆርሞኑ ሲያርፍበት የሴሎቹ ጉዞ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ቦታውን የሚዘጋ መድኃኒት ደግሞ ጉዞውን ይለቀዋል። ከዚያ በመነሳት ቲሞሎል የቆዩ የእግር ቁስሎች ላይ ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከህንድ የወጣ አነስተኛ ጥናት ጠብታው የተደረገላቸው ሰዎች ቁስል ይበልጥ መጥበቡን ዘግቧል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ኢስሞሎል በጄል መልክ ተሠርቶ፣ እዚያው ህንድ የስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል ላይ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ ታትሟል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ጄሉ ከተጨመረላቸው ከ100 ወደ 60 የሚጠጉት ሲሽርላቸው፣ መደበኛው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው 42 ያህሉ ድነዋል።

ወንድምሽ ካነበበው ውስጥ ያመለጠው አንድ ነገር ይመስለናል። በእነዚህ ጥናቶች ጠብታውም ሆነ ጄሉ የተጨመረው በሌላ ሕክምና ላይ ነው። ለእናትሽ ዓይነት ቁስል ያኛው ሕክምና ምን እንደሆነ ከታች በዝርዝር እንነግርሻለን፤ ከደብዳቤሽ እንደተረዳነው እናትሽ እስካሁን አላገኙትም። በዘጠኝ ወር ውስጥ ቁስሉ ላይ ብዙ ነገር ተደርጓል፤ እግሩን ግን የነካው የለም። ወጥ ሳይሠራ ቅመም ፍለጋ የወጣን ያህል ነው።

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ። ከውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ጠቁሮ፣ ውሃ እያዘለ፣ ሲመሽ እግር እያበጠ የሚቆይ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የደም መልስ ቁስል ነው። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚዘጉ ትናንሽ በሮች አሉ። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት 80 እና 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ሲራመድ ባት እየጨመቀ ወደ ላይ ስለሚገፋው ከ30 በታች ይወርዳል። በሮቹ የተበላሹበት እግር ግን ቢራመድም አይወርድለትም። ውሃው ከሥሩ ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ይተኛል፣ ከደሙ የወጣው ብረት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ቆዳው ይሳሳል። ከዚያ በኋላ የምድጃ ጫፍ ይበቃዋል። እናትሽ ምጣድ ላይ ቆመው የሚውሉ መሆናቸውን ስታክይበት፣ ቁስሉ በማር አልድን ያለው ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

ቁስሉ ሌላ ነገር ሊሆንም ይችላል፤ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። ጣቶች ወይም የእግር ጠርዝ ላይ ያለ፣ ጥልቅና ዳሩ የተቆረጠ የሚመስል፣ ሌሊት አላስተኛ ብሎ እግር ከአልጋ ሲንጠለጠል ብቻ የሚቀልል ሕመም ያለው ቁስል የደም ቅዳ፣ ማለትም ደምን ከልብ ወደ እግር የሚያወርደው ሥር፣ የመጥበቡ ምልክት ነው። ከግፊት ጋር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ስፔናዊው ማርቶሬል እ.ኤ.አ. በ1945 የገለጸው፣ ከመጠኑ በላይ የሚያሠቃይ ቁስል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውጭና በኋላ በኩል ይወጣል። ለዚህኛው ቲሞሎልና መሰሎቹ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ አይመከሩም። ስኳርም አለ፤ ተለክተው የማያውቁ ከሆነ ባዶ ሆድ ይለኩ። እንዲሁም ወራት ያለፈው ቁስል ጠርዙ ከፍ ብሎ እንደ ከንፈር የተገለበጠ ወይም ሲነካ ቶሎ የሚደማ ከሆነ፣ ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ይመረመራል። እናትሽ ሌሊት የሚያማቸው ምን ሲሆን ነው? እግራቸውን ሲሰቅሉ ይሻላቸዋል ወይስ ሲያንጠለጥሉ? ጠይቂያቸው፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ግን እኮ ሐኪም ጋ አልሄድም ብለዋል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ሰው ሳይመረምር በአፉ ያመለጠው ቃል ዘጠኝ ወር ከሚቆስል እግር በላይ አቁስሏቸዋል። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትያቸው የሚሰሙት «እግርሽን እናስቆርጥ» የሚለውን ይሆናል። ስለዚህ በዚያ አትጀምሪ። ቡና አፍልተሽ፣ ማንም በሌለበት፣ «እማዬ፣ ያኔ የነገረሽ ነገር አስፈርቶሻል አይደል?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በይ፤ እስኪጨርሱ አትመልሺላቸው። ከዚያ እውነቱን ንገሪያቸው፤ የደም መልስ ቁስል ብቻውን እግር የሚያስቆርጠው ከስንት አንዴ ነው። እግር የሚያስቆርጠው በብዛት የደም ቅዳ መዘጋትና ችላ የተባለ ስኳር ነው፤ የደም ቅዳው መዘጋት አለመዘጋቱ ደግሞ ያለ ቢላ፣ ያለ መርፌ፣ ተኝተው በሚደረግ ምርመራ ይታወቃል። የምትወስጃቸው ለዚህ ልኬት ብቻ እንደሆነ ቃል ግቢላቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የክንድና የቁርጭምጭሚት የላይኛው ግፊት ይለካል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደሙን የሚያሰማ ዶፕለር የሚባል የእጅ መሣሪያ ይጠቀማሉ። የእግሩ ለክንዱ ይካፈላል። ክንዳቸው 140፣ እግራቸው 133 ቢሆን 0.95 ነው፤ ደሙ በደንብ ይወርዳል፣ እግሩ በሚጨምቅ ፋሻ መታሰር ይችላል ማለት ነው። ከ0.8 በታች ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻ ጨርሶ አይታሰርም፣ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ሐኪም ነው። ከተማችሁ ውስጥ አዳሬ ሆስፒታልም፣ ሰው «ሪፈራል» የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አለ፤ የጤና መድን ካላችሁ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። ካርድ ስታወጡ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ጠይቁ፤ ሐኪሙንም «ፋሻ ከማሰራችን በፊት የእግሯ ደም ይለካልን» በይው። ይህን ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትይዢ ይበቃሻል።

ሌላም የምትጠይቂው አለ፤ አምሎዲፒኑን። ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ግን እግር ያሳብጣል፣ 10 ሚሊግራም ላይ ደግሞ ከ5 ይልቅ በብዛት፣ ሴቶች ላይም ከወንዶች ይበልጥ። ትናንሽ የደም ቅዳዎችን ስለሚከፍት ውሃው ወደ ሥጋ ይወጣል፤ የሚያሸና መድኃኒት ብዙም የማይፈይደው ለዚህ ነው። ሁለቱም እግሮቻቸው ያብጣሉ ማለትሽ ይህን አስጠረጠረን። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ መድኃኒት ሊያክል ወይም ሊቀይር ይችላል። የአስም ታማሚ መሆናቸውንም ንገሪው። አንቺ ግን በራስሽ አንድ ቀንም እንዳታቋርጪባቸው፤ ለእግር ብለን ግፊቱን ወደ ጭንቅላት እንዳንሰደው። ደግሞ አንድ ነገር አስተውዪ፤ ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚያፍናቸው፣ ሁለት ሦስት ትራስ የሚፈልጉ ከሆነ ያ አስም ሳይሆን ልብ ሊሆን ስለሚችል ሳትደብቂ ተናገሪ። ልቡ የደከመ ሰው እግር ዝም ተብሎ በፋሻ አይጠበቅም፤ ከእግር የተገፋው ውሃ ሁሉ ወደ ልብ ይመጣል።

እንግዲህ እሺ ከተባላችሁ፣ መድኃኒቱ ፋሻ ነው። የሚያሳዝነው በጣም ርካሹና በጣም የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ በትክክል ሳይታሰር መቅረቱ ነው። ዓላማው ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ግፊት መፍጠር ነው። መጀመሪያ ነርሷ ስታስር አይተሽ፣ እሷ እያየችሽ አንቺም አንድ ጊዜ አስረሽ ወደ ቤት ተመለሺ። ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የሚለጠጥ ፋሻ ግዢ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እብጠቱ ሳይመጣ ነው የሚታሰረው። የእግራቸው መዳፍ ከቅልጥማቸው ጋር ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ይሥራ፤ ጣቶቻቸውን ወደ ራሳቸው ይሳቡ። ቁስሉ ከተሸፈነ በኋላ ከጣቶች ሥር እስከ ጉልበት በታች ጥጥ ይጠቅለል፤ ቅልጥምና ቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ወፈር አድርጊው። ፋሻው የሚጀምረው ከጣቶች ሥር ነው። ተረከዙን ሙሉ በሙሉ ሸፍኚ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈንሽ፣ ፋሻውን ከመለጠጥ አቅሙ ግማሽ ያህል እየሳብሽ፣ ከጉልበት ሁለት ጣት በታች ጨርሺ። አሳሳብሽ ከታች እስከ ላይ እኩል ይሁን፤ እግር ወደ ላይ እየወፈረ ስለሚሄድ ግፊቱ በራሱ ከታች በርትቶ ከላይ ይላላል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ብዙ ሰው ፋሻውን ከቁርጭምጭሚት ይጀምርና የእግሩ መዳፍ እንደ ሊጥ ይነፋል። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ እንዳይፈታ ተብሎ ጉልበት ሥር ይጠበቃል፤ ያኔ ፋሻው ገመድ ሆነ ማለት ነው፣ ደሙን እዚያው ያስቀረዋል። አስረሽ ስትጨርሺ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ተጭነሽ ልቀቂው፤ የነጣው በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ወዲያው ፍቺው፤ «ትንሽ ይልመደው» አይባልም። እንዲህ ያለውን የሚለጠጥ ፋሻ ሲተኙ አውልቂላቸው። ሁለት ፋሻ ካላችሁ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይታሰራል፤ መለጠጡን ሲተው ይጣል።

ቁስሉን ማጠብ ቀላሉ ክፍል ነው። ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ የራሱ በሆነ ሳፋ እጠቢው፤ አልኮልም ፔሮክሳይድም አያስፈልገውም፣ አዲስ የበቀለውን ሥጋ ነው የሚያቃጥሉት። ቫዝሊን ያለው ጎዝ ከሥር፣ ውሃውን የሚመጥ ወፍራም ጎዝ ከላይ። ደረቅ ጎዝ ተጣብቆ ከመጣ በውሃ አርሰሽ አንሺው እንጂ አትንጠቂው። ዙሪያው ያለው ቆዳ በሚወጣው ውሃ እንዳይላጥ ቫዝሊን ቀቢው። ቁስል አየር ያግኝ፣ ይድረቅ የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን ተሸፍኖ ረጠብ ያለ ቁስል ቶሎ እንደሚሸፈን ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ አሳ ባለበት ዝንቡንም አስቢው። የካፕሱል ዱቄቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዉት፤ ቆዳን ያስቆጣል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ዙሪያው ቀልቶና ግሎ እየሰፋ ሲሄድ፣ መግል ሲይዝ፣ ትኩሳት ሲመጣ ነው፤ ያኔ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ስለ ማሩ ደግሞ፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ ከ360 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት፣ ከፋሻ ሥር ማር መጨመሩ ከተለመደው መሸፈኛ ጎልቶ የበለጠ ነገር እንደሌለው፣ ሕመም ግን እንደሚጨምር ነው ያሳየው። ማሩን ለቁርስ ያድርጉት።

ጠበላቸውን አታስተዊያቸው። ይጠጡ፣ ይጠመቁ፤ ቁስሉ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተሸፍኖ በንጹህ ፌስታል ይጠቅለል፣ ከረጠበም ስትመለሱ ታጥቦ ጎዙ ይቀየር። ጤና አዳሙም ቢሆን አጠገባቸው ይሁን፤ ማንንም አይጎዳም። የሸተታቸው የቁስሉ ፈሳሽ ነው፤ ፋሻው እብጠቱን ሲያወርድና ጎዙ በየጊዜው ሲቀየር ይቀንሳል። የማኅበሩ ተራ እቤታቸው መሆን ይችል እንደሆነ አንዷን ጓደኛቸውን ሹክ ብትያትስ? በጾም ወቅት ደግሞ ሥጋ የሚሠራ ነገር እንዳይጎድል ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ሳህን ላይ ይብዛ።

የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ ሥራቸው። መቆም ይቅር ማለት እንጀራው ይቅር ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ምጣዱ ዝቅ ብሎ እሳቸው ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ቢቀመጡ፣ ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ቢያንቀሳቅሱ፣ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል ተረከዛቸውን እያነሱ ቢያወርዱ፣ ከዚያም እስከ ሐይቁ ደርሰው ቢመለሱ፣ ባታቸው መጭመቅ ይጀምራል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት፣ ተጋድመው እግራቸው ከልባቸው ከፍ ይበል፤ ትራስ ላይ ብቻ ሳይሆን ባቱ በሙሉ ይደገፍ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ዱካ ላይ መስቀል አይበቃም።

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ቁስሉን ለኪው፤ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳዪና ቀኑን ጻፊበት። ዛሬ 20 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነው ከአራት ሳምንት ትክክለኛ ፋሻ በኋላ ወደ 12 ከወረደ መንገዱ ቀንቷል፤ ፋሻውን አትቀይሩ፣ አትሰልቹ። 18 እና 19 ላይ ከቆመ ግን ፕላስቲኮቹን ይዘሽ ተመለሺና «ሌላ ነገር ይፈለግልን» በይ። በዚያን ጊዜ የተበላሸውን ደም መልስ ከውስጥ መዝጋት ይቻል እንደሆነም ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከብሪታንያ የወጣ 450 ሰዎች ያሉበት ጥናት ከፋሻው ጋር ይህ ቶሎ የተሠራላቸው ሰዎች ግማሾቹ በ56 ቀን ሲድኑ፣ የዘገየላቸው 82 ቀን እንደፈጀባቸው አሳይቷል። ሁሉም ቦታ ላይገኝ ይችላል፤ መጠየቁ ግን አይጎዳም። ሲሽር ደግሞ ፋሻው እግርን በሚጨምቅ ካልሲ ይተካል እንጂ አይጣልም፤ በሮቹ ስላልተጠገኑ ቁስሉ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ የሚጮኸው ከሩቅ ሆኖ ሌላ የሚያደርገው ስለጠፋው ይመስለናል። አትከራከሪው፤ ሥራ ስጪው። እንዲህ ብለሽ ብትጽፊለትስ? «ያነበብከው እውነት ነው፤ ግን ለአስም ታማሚ አይሆንም፣ ፓፏንም ይዘጋባታል። የጎደለን ፋሻና የደም ልኬት ነው። ለጠብታ የምትልከውን ለሁለት ወር ምጣዱ ላይ በእማዬ ፋንታ ለምትቆም ልጅ ክፈልልን።» ለእናትሽም «ልጅሽ የላከልሽ ይኸው» የምትያቸው ነገር ይኖርሻል። አንቺስ? ዘጠኝ ወር ቁስል ስታጥቢ፣ ለሁለት ሰው ስታስረጂ ማን አገዘሽ? ጠዋት ፋሻውን አንቺ ብታስሪ፣ ማታ የሚያወልቅ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም።

ብልቃጡን ለጎረቤት እንዳትሰጪ፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ከአምሎዲፒኑ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ጨምረሽ ያዢውና ሐኪሙ ይየው። ፓፉንም ከቤት ስትወጡ እንዳትረሱት፤ ወረፋው ረጅም ነው።